ከአቁማዳ እስከ ፌስታል፦ የጓዳ ከረጢት ታሪክ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል እህል ማብቀልን በተማረበት ጊዜ፣ ያበቀለውን እህል ጠብቆ የማኖር ግዴታም አብሮ ተወለደ። መኸር የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በልግ ሲሳካም ሁለት ጊዜ ነው፤ ረሀብ ግን በየዕለቱ ይመጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚሞሉት ጎተራው፣ ጎታው፣ እንስራውና አቁማዳው የአንድን ኅብረተሰብ አኗኗር ከማንኛውም ሐውልት ባላነሰ ይመሰክራሉ። ሆኖም የታሪክ ጸሐፊዎች ዓይን ባመዛኙ በአደባባዩ፣ በእልፍኙና በጦር ሜዳው ላይ ያረፈ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያን ሕዝብ ስንቅ ለዘመናት የተሸከመው የቆዳ ከረጢት የሚገባውን ያህል ሳይጻፍለት ቆይቷል። ከረጢቱን በእጃቸው የሠሩትና በጓዳቸው የጠበቁት ወገኖችም ከታሪኩ ገጽ ውጭ ቀርተዋል።

ዛሬ በብዙ አገሮች ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የምግብ ማኖሪያ ከረጢት እንደ አዲስ ግኝት እየተወደሰ ይገኛል። አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለው ላስቲክ ምድርንና ባሕርን በመበከሉ፣ የባለጸጋ አገሮች የቤት እመቤቶች ሳይቀሩ የማይጣል ከረጢት ፍለጋ ተነሥተዋል። ለወሎ ደጋ ገበሬ ግን ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። እናቶቹና አያቶቹ ከረጢትን የሚያውቁት ደጋግሞ እንደሚያገለግል ዕቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ የዚህን ዕቃ አመጣጥ፣ አገልግሎትና አወዳደቅ መመርመር ያለፈውን ከመናፈቅ የሚመነጭ ሳይሆን ለዛሬው ጥያቄ መልስ ከመሻት የሚነሣ ተግባር ነው።

አገሩና እህሉ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ በቦረና ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር አስተዳደር የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በስተ ምዕራብ ምድሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ይታያል። በስተ ሰሜን አማራ ሳይንት፣ በስተ ምሥራቅ ለጋምቦ፣ በስተ ደቡብ ወግዲና ከላላ ያዋስኑታል። በዚህ አገር ከፍታው በጥቂት ሰዓት የእግር ጉዞ ውስጥ ይለዋወጣል። በውርጩና በደጋው ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ደግሞ ማሽላ ይበቅላል።

ይህ የተፈጥሮ አቀማመጥ ከረጢትን የግድ አድርጎታል። ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላውንና በርበሬውን ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱም በገበያ ቀን ይገናኛሉ። መንገዱ ገደልና ዳገት ስለሆነ ሸክሙ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ላይ ነበር። የሸክላ ዕቃ በገደል መንገድ ይሰበራል፤ ቅርጫት ዱቄትን ያፈሳል። ከአህያ ጎን ጋር ተስማምቶ የሚተኛ፣ ሲወድቅ የማይሰበር፣ ካፊያ ቢመታው ውስጡን ቶሎ የማያረጥብ፣ ሲራገፍም ተጣጥፎ በብብት የሚያዝ ዕቃ የቆዳ ከረጢት ብቻ ነበር።

ስሙም እንደ ግልጋሎቱ ብዙ ነው። አቁማዳ፣ ስልቻ፣ ቀልቀሎ፣ ለቆታ እየተባለ በመጠኑ፣ በቆዳው ዓይነትና በሚይዘው ነገር ይለያያል፤ አጠራሩም ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። ልዩነት የሌላቸውን ሁለት ነገሮች ለመግለጽ «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» የሚለው አነጋገር በአማርኛ የታወቀ ነው። ለባለሥልጣኑና ለነጋዴው ሁለቱ አንድ መስለው ታይተው ይሆናል። ለጓዳዋ እመቤት ግን አንዱ የሳምንት ዱቄት፣ ሌላው የመንገደኛ በሶ የሚይዝ ስለነበር፣ ልዩነታቸው የቤቷን ኑሮ የምትመራበት መለኪያ ነበር።

ቆዳው እንዴት ከረጢት ይሆናል?

አቁማዳ የሚወጣው በተለይ ከፍየል ቆዳ ነው። ለዚሁ የታሰበ ፍየል ሲታረድ አገፋፈፉ ከሌላው ጊዜ ይለያል። ሆዱ በቢላዋ አይተረተርም፤ ቆዳው ከኋላ እግሮቹ በኩል ተጀምሮ እንደ እጀ ጠባብ እየተገለበጠ እስከ አንገት ድረስ ሳይቀደድ ይወጣል። አንዲት የቢላዋ ስሕተት ከረጢቱን ታበላሻለች። የወጣው ቆዳ ከውስጥ በኩል ስቡና ሥጋው ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይረግፋል፤ በእምቧይ ፍሬ፣ በቀንጠፋና በመሳሰሉት ዕፅዋት ውሃ እየተነከረ ይሠራል። ቀንጠፋው ለቆዳው ቀላ ያለ መልክ ይሰጠዋል። ከዚያም በእጅና በእግር ይታሻል፤ ተልባ ወይም ሌላ የቅባት እህል እየጠጣ ይለሰልሳል። በመጨረሻም የእግሮቹ ቀዳዳዎች ይሰፋሉ ወይም በጠፍር ይታሰራሉ፤ አንገቱ የከረጢቱ አፍ ይሆናል፤ እግሮቹም ለማንጠልጠያና ለመሸከሚያ ያገለግላሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ዕውቀት ቀላል አይደለም። በዕፅዋቱ ውስጥ የሚገኘው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ፣ ጥቃቅን ነፍሳት ቆዳውን አበስብሰው ሊበሉት አይችሉም። የዘመናዊው የቆዳ ፋብሪካ ሊቅ በቤተ ሙከራ የሚያስረዳውን ይህን ሂደት፣ የገጠሩ ባለሙያ በሽታው፣ በቀለሙና በልስላሴው እየለየ ያውቀው ነበር። «ማልፋት» የሚለው ቃልም ከ«ልፋት» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ቆዳውም ይለፋል፣ ሰውም ይለፋል። ቋንቋው ራሱ የሠራተኛውን ድካም መዝግቦ አኑሯል።

የጓዳው ሥርዓት

ከረጢቱ ከፋቂው እጅ ወጥቶ ወደ ጓዳ ሲገባ፣ የዕድሜው ርዝመት በሴቲቱ እጅ ይወድቃል። አንድን አቁማዳ ለብዙ ዓመታት ማገልገል የሚያስችለው የቆዳው ጥንካሬ ብቻ አልነበረም፤ የአያያዙ ሥርዓት ጭምር ነበር። ቆዳ ሽታን ስለሚይዝ የበርበሬው ከረጢት ለበሶ አይሰጥም። ጨው እርጥበት ስለሚስብ ለብቻው ይቀመጣል። ባዶ የሆነው ከረጢት ተገልብጦ ይራገፋል፤ አዲስ ዱቄት በአሮጌ ዱቄት ላይ ከተጨመረ ነቀዙና ሻጋታው እንደሚወረስ የታወቀ ነበር። ከረጢቱ በውሃ አይዘፈዘፍም፤ ለነፋስና ለመጠነኛ ፀሐይ ተሰጥቶ፣ ሲደርቅ ቅባት ተቀብቶ፣ ሲቀደድ ተጥፎ ዳግም ሥራውን ይጀምራል። ማረፊያውም ከመሬት ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ በተተከለ ኩላብ ነበር። እዚያ ከአይጥ ይርቃል፤ የምድጃው ጢስም ተባይን ያሸሽለታል።

ሁሉም እህል አንድ ዓይነት ጥበቃ አይሻም። ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ በደህና ጎታ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ማሽላና በቆሎ ግን ቶሎ ይነቅዛሉ። ስለዚህ ብዙው እህል በጎታና በጎተራ፣ በአንዳንድ ስፍራም በጉድጓድ ሲቀመጥ፣ የቆዳው ከረጢት የተመደበው በቅርብ ለሚበላውና ለሚጓዘው ነበር። በዚህ ምድብ ውስጥ ዋናውን ስፍራ የያዘው በሶ ነው። ገብሱ ሲቆላ እርጥበቱ ይወጣል፤ በውስጡ ያለው የተባይ ዕንቁላልም ይሞታል። ተፈጭቶ በደረቅ ከረጢት ሲታሰር ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በመንገድ ላይም እሳት ሳያስፈልገው በውሃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽም በዚሁ ጥበብ የተፈጠሩ የስንቅ ዓይነቶች ናቸው። የምግቡ አዘገጃጀትና የከረጢቱ አሠራር አንዱ ለሌላው ታስቦ ያደገ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ስንቅ፣ ግብርና ጦርነት

ይህ የጓዳ ዕቃ በአገሪቱ ታላላቅ ታሪካዊ ድርጊቶች ውስጥ የነበረው ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። የኢጣልያ ቅኝ ገዥ ጦር በሰሜን በኩል ድንበር ጥሶ በገባ ጊዜ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት አዋጅ አውጀው ለጦራቸው ከሰጡት የመሰብሰቢያ ስፍራ አንዱ ወረኢሉ ነበር። ወረኢሉ ከዚሁ ከምዕራቡ ደጋ ብዙ የማይርቅ የደቡብ ወሎ ከተማ ነው። በጥቅምት ወር ወደዚያ የጎረፈው ሠራዊት ስንቁን ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚሰፈርለት አልነበረም። እያንዳንዱ ዘማች የቻለውን ያህል በሶ፣ ቆሎና ዱቄት ከቤቱ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ያለፈውን ደግሞ ጦሩ የሚያልፍበት አገር ገበሬ ሸከፈ።

እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድረስ በተደረገው የአምስት ወር ያህል ጉዞና ቆይታ፣ የስንቁ ጉዳይ ከመድፉ ጉዳይ ያላነሰ ሆኖ ነበር። በጦርነቱ ዋዜማ የሁለቱም ወገን ስንቅ ተመናምኖ፣ የኢጣልያ አዛዦችም ሆኑ የኢትዮጵያ መሪዎች ብዙ ለመቆየት እንደማይችሉ ያውቁ እንደነበር የታሪክ ድርሳናት ይስማማሉ። በዚያ የረሀብ ጠርዝ ላይ ሠራዊቱን ለቀናት ያቆየው በየአህያው ጀርባና በየሴቱ ትከሻ የነበረው ከረጢት ነው። ስለ አድዋ በተሳሉት ባህላዊ ሥዕሎች ላይ የተመልካች ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ፣ በመድፉና በነጋሪቱ ላይ ነው። ከሰልፉ ኋላ እህል እየፈጩ፣ ስልቻ እየተሸከሙ የዘመቱት እናቶች ግን ሠዓሊያቸውን ገና ይጠብቃሉ።

ይሁን እንጂ ከረጢቱ የነጻነትን ስንቅ ብቻ አልተሸከመም። በባላባቱ ሥርዓት የገበሬው ግብር፣ የአሥራቱ እህልና ለተላላኪው የሚሰጠው ድርጎ ከገበሬው ጓዳ የወጣው በዚያው አቁማዳ ነበር። ሴቲቱ በልፋቷ ቆልታና ፈጭታ የሞላችው ከረጢት ተጭኖ ወደ ጌታው ደጅ ይሄዳል፤ ባዶው ተጣጥፎ ይመለሳል። ስለዚህ አቁማዳን የጥበብና የቁጠባ ምልክት ብቻ አድርጎ ማወደስ ግማሹን ታሪክ መሸሸግ ይሆናል። አንድ ዕቃ ሕይወትን የሚያኖረው ባለቤቱ በይዘቱ ላይ መብት ሲኖረው ነው።

የሠሪው ዕጣ

ከዚህም የከፋው የከረጢቱ ሠሪ ዕጣ ነው። የሕዝቡን ምግብ የሚይዘውን ዕቃ የሚሠራው ባለ እጅ «ፋቂ» ተብሎ ተሰደበ፤ በብዙ ስፍራ ጋብቻ ተነፈገ፣ ርስት አልተቆጠረለትም፣ ከማዕዱ ተገለለ። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔውም የዚሁ ንቀት ተካፋዮች ነበሩ። ገበሬው በፋቂው እጅ ከተሠራ ከረጢት የወጣውን በሶ እየበላ፣ ፋቂውን ግን አብሮት እንዲበላ አይጠራውም ነበር። የአንድን ኅብረተሰብ የውስጥ ተቃርኖ ከዚህ የበለጠ አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ይህ ንቀት የእደ ጥበብን ዕድገት እንደሚገታ በመንግሥት ደረጃ ሳይታወቅ አልቀረም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የመጣ መሆኑንም አስታውሰዋል። ነገር ግን የመሬት ይዞታው እስካልተለወጠ ድረስ አዋጁ የስድቡን ሥር ሊነቅል አልቻለም። መሬት የሌለው ሰው ክብሩን የሚያስጠብቅበት መሠረት አልነበረውምና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሊያርስ ለፈቀደ ሁሉ ያለ ልዩነት መሬት እንዲሰጠው በመደንገጉ፣ ለባለ እጆችም ቢያንስ በሕግ ፊት አዲስ በር ከፈተላቸው። በተከታዮቹ ዓመታት የእደ ጥበብ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። ሆኖም በልማድ ውስጥ ሥር የሰደደው ንቀት በአንድ ትውልድ ተጠርጎ የሚጠፋ አልሆነም። ብዙ የባለሙያ ልጆች የአባታቸውን ሙያ ትተው ስድቡን ለማምለጥ ሞከሩ፤ ሙያውም አብሯቸው ከቤት ወጣ።

ባዶው ከረጢት

በወሎ ታሪክ ስለ ምግብ ማኖሪያ ሲነገር ስለ ረሀብ ሳይነገር አይታለፍም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው «ክፉ ቀን» የከብት በሽታን፣ ድርቅንና አንበጣን አስከትሎ መጣ። በሬው አልቆ እርሻው ሲቆም፣ ጎታውም አቁማዳውም ባዶ ሆነ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ረሀብ ወሎን ዳግመኛ መታ። የዘውዱ መንግሥት ሊሸሽገው ቢሞክርም፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም አጋለጠው።

ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሀብ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የወሎን ረሀብ መርምሯል። እንደ ጥናቱ ከሆነ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የወጣበት ሁኔታ ነበር። ገበሬው የተራበው የራሱ አዝመራ ጠፍቶ የመግዛት አቅሙም ስለ ተሟጠጠ ነው። ይህ ትንተና ለከረጢቱም ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። ከረጢት የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ የሚሞላበት መብትና አቅም ከሌለ ቤተሰብን አያድንም። የጓዳ ጥበብ ከምርት ግንኙነቱ ተነጥሎ አይታይም።

በ1977 ዓ.ም. ሦስተኛው ታላቅ ረሀብ ሲመጣ፣ ወደ ወሎ ደጋዎች አዲስ ዓይነት ከረጢት አብሮ ደረሰ። በውጭ አገር ፊደል የለጋሾች ስም የታተመበት የእርዳታ ጆንያና ኬሻ በመኪና፣ መንገድ በሌለባቸው ከፍተኛ ስፍራዎችም በአውሮፕላን እየተጣለ መጣ። የተረፈው ሰው እህሉን በልቶ ከረጢቱን አልጣለም። አጥቦ እህል አኖረበት፤ ፈትቶ ምንጣፍና መጋረጃ አደረገው። ለአቁማዳው ይሰጥ የነበረው የቁጠባ ሥርዓት ወደ ባዕዱ ዕቃ ተላለፈ።

ከማዳበሪያ እስከ ፌስታል

አቁማዳን ከገበያ ያስወጣው ግን የእርዳታው ኬሻ ብቻ አልነበረም። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ ኢትዮጵያ ገበሬ መድረስ ጀመረ። ማዳበሪያው ወደ መሬት ሲገባ ከረጢቱ በቤት ቀረ። ከጊዜ በኋላ «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ራሱ የከረጢቱ ስም ሆነ፤ ዛሬ በገበያ «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» ሲባል ማንም ስለ ኬሚካሉ አያስብም። ይህ ከረጢት ቀላል፣ ርካሽና ጠንካራ ነው። ጉድለቱ ግን የጓዳውን አሮጌ ሥርዓት መዘንጋቱ ነው። የበርበሬ ከረጢት ለበሶ እንዳይውል ትከለክል የነበረችው እናት ዕውቀት ቢከበር ኖሮ፣ ኬሚካል የተያዘበት ከረጢት ለሚበላ እህል ማኖሪያ ባልዋለም ነበር።

ከዚያ ፌስታል መጣ። ይህ ስስ ላስቲክ የተሠራበት ፖሊኢትሊን የተባለው ነገር የተገኘው በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ነው። እጀታው ከከረጢቱ ጋር አንድ ሆኖ የሚወጣውን የላስቲክ መያዣ የቀየሰው ስዊድናዊው መሐንዲስ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ሲሆን፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተመዘገበለት። የሚያስገርመው ነገር፣ ልጁ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ተናገረው ቱሊን የፈጠረውን ከረጢት በኪሱ አጣጥፎ ይዞ ይዞር፣ ደጋግሞም ይገለገልበት ነበር። ሰዎች አንድ ጊዜ ተጠቅመው ይጥሉታል ብሎ አላሰበም። እንግዲህ ከረጢትን ዘላቂ ወይም ተጣይ የሚያደርገው የተሠራበት ነገር ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው። የሚወስነው ኅብረተሰቡ ለዕቃው የሚሰጠው ዋጋና የሚከተለው ሥርዓት ነው።

ፌስታል በኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮች ያስከተለው ጉዳት ይታወቃል። ቦይ ይዘጋል፤ እርሻ ውስጥ ገብቶ ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ከብት ሲበላው በሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድለዋል። ለወሎ ገበሬ በሬ መሞት ማለት እርሻ መቆም ማለት ነው። መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጡ የላስቲክ ከረጢቶችን ገደበ። ገደቡ በተግባር ሳይጸና በመቅረቱ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ።

እዚህ ላይ ታሪክ አንድ መራራ ምፀት ያሳያል። የበግና የፍየል ጥሬ ቆዳ ቀድሞ በጓዳ ከረጢት፣ ቀጥሎም ወደ ፋብሪካ የሚሄድ የገንዘብ ምንጭ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን ዋጋው እጅግ በመውደቁ፣ በበዓላት ማግሥት ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ መታየቱ የተለመደ ሆኗል። በአንድ ቤት ደጃፍ ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ቆዳ ተጥሎ ይሸታል፤ የዚያው ቤት እመቤት ደግሞ ከገበያ የገዛችውን ሽሮ በፌስታል አንጠልጥላ ትገባለች። በሁለቱ መካከል የጠፋው ድልድይ የባለሙያው እጅ ነው። ሲሰደብ የኖረው ፋቂ ሙያውን ሲተው የከሰረው እሱ ብቻ አለመሆኑ ዛሬ በግልጽ ይታያል።

የትናንቱ ሥርዓት ለነገው

ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም ወደ አቁማዳ ይመለስ ማለት አይቻልም፤ አይገባምም። የቆዳ ከረጢት ለመታጠብ አይመችም፤ እርጥብ ምግብ አይይዝም፤ ከአይጥም በራሱ አያመልጥም። ዘመናዊው ሳይንስ የተሻሉ ዕቃዎችን አቅርቧል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በካሜሩን የአተር ዓይነት ለሆነው ለአደንጓሬ መሰል እህል ጥበቃ የጀመሩት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ በኢትዮጵያም ለገበሬው ቀርቧል። ሁለት ወፍራም የላስቲክ ሽፋኖች ከውስጥ፣ አንድ ጠንካራ ኬሻ ከውጭ ሆነው አፋቸው በየተራ ሲታሰር አየር አይገባም። በውስጡ የቀረውን አየር ነቀዙ ራሱ ተንፍሶ ይጨርስና ያለ መድኃኒት ይሞታል። ይህም ከረጢት ካልተበሳ ከአንድ ምርት ዘመን በላይ ያገለግላል። ነገር ግን እንዳይበሳ ከአይጥ ማራቅ፣ ከመሞላቱ በፊት መፈተሽ፣ እህሉን አስቀድሞ በደንብ ማድረቅና ሲራገፍ ማጽዳት ያሻል። ይህ ሁሉ በአሮጌው ጓዳ የነበረው ሥርዓት ነው። አዲሱ ዕቃ የሚጸናው በአሮጌው ዕውቀት ነው።

በከተማ ወጥ ቤት ለሚገኙት አፋቸው ለሚገጥም የላስቲክና የሲሊኮን ከረጢቶችም ነገሩ አንድ ነው። ለበርበሬና ለሽሮ የየራሳቸውን መለየት፣ አጥቦ ገልብጦ ማድረቅ፣ እርጥበት ሳይቀር አዲስ አለመጨመር፣ ያረጀውንና የተሰነጠቀውን ለምግብ አለማዋል የአቁማዳዋ እመቤት የምታውቃቸው ሕጎች ናቸው። ውጭ አገር ለሚኖር ልጇ በርበሬና ሽሮ ደራርባ አሽጋ የምትልክ እናት ዛሬም የስንቅን ጥበብ እየቀጠለች ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው፣ ደጋግሞ የሚያገለግል ዕቃ የሚገኘው በአዋጅ ወይም በግዢ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን በሚንከባከብ እጅና ሥርዓት ነው። ሁለተኛው፣ ሠሪውን የናቀ ኅብረተሰብ ውሎ አድሮ ዕቃውን ያጣል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የደሴ ሙዚየም ቅርሶች በተዘረፉ ጊዜ፣ ቅርስ በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ ሲከማች ምን ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጥ ታይቷል። የአቁማዳ አሠራር ግን በመስተዋት ሣጥን ሳይሆን በሰው እጅና በሰው ትዝታ የሚኖር ቅርስ ነው። ጠባቂውም እስካሁን በሕይወት ያለው አዛውንት ባለሙያና አሮጊት ናቸው።

የመካነ ሰላምና የአካባቢው መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ እነዚህ ሰዎች ቢልኩ፣ የዕፅዋቱን ስም፣ የአገፋፈፉን ስልትና የጓዳውን ሕግ ከአንደበታቸው ሊመዘግቡ ይችላሉ። የባህል ሠራተኞች ባለሙያዎቹን በስማቸውና በክብር ወደ አደባባይ ሊያወጧቸው ይገባል። ሠዓሊያንና ደራስያንም ከሰልፉ ኋላ ስልቻ ተሸክማ የዘመተችውን ሴትና በወንዝ ዳር ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ለሥራቸው ርእስ ቢያደርጉ ለዘመናት የቆየ ዕዳ ይከፍላሉ። የተጣለው ቆዳ ከመንገድ ዳር የሚነሣው፣ ያለፋው እጅ መጀመሪያ ከወደቀበት ንቀት ሲነሣ ነው።